«የብሔር ፖለቲካ ሰልችቶናል» የሚሉት ሰዎች ምን ማለታቸው ነው?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ተወልጄ ያደግኩት ሆሳዕና ነው። አሁን የምኖረውም የምሠራውም አዲስ አበባ ነው። በቅርቡ ስለ አንድ የሕዝብ አስተያየት ጥናት አነበብኩ። ኢትዮጵያውያን ፌዴራሊዝም ይፈልጋሉ፤ በብሔር ይሁን በመልክዓ ምድር ሲባሉ ግን እኩል ለሁለት ተከፈሉ ይላል። እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ግን ‹የብሔር ፖለቲካ ሰልችቶናል› ነው የሚለው። ታላቅ ወንድሜ ብቻ ሆሳዕና ሆኖ ‹በቋንቋችን መተዳደራችንን አትንኩብን› ይለኛል። የሚዋሸው ጥናቱ ነው ወይስ ጓደኞቼ? ደግሞስ ብሔር የሚለው ነገር ከመታወቂያ ላይ ቢጠፋ ነገሩ አይበርድም?»

እንደምን አለህ ወንድሜ። እኔ ለብዙ ዓመታት እንጀራዬ የሰው በር ማንኳኳት ነበር። መጠይቅ ይዤ እየዞርኩ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብዬ ገብቼ ሰዓት የምፈጅ ሰውዬ ነበርኩ። በኋላ እንደኔ የሚያንኳኩትን ማሠልጠን ሆነ ሥራዬ። ስለዚህ ጥያቄህ ደካማ ጎኔን ነው የነካው፤ መልሱ ቢረዝም ታገሠኝ። አጭሩን አስቀድሜ ልንገርህ። ማንም አልዋሸም። ጥናቱ፣ ጓደኞችህና ወንድምህ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ነው የመለሱት።

ያነበብከው አፍሮባሮሜትር፣ በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ድርጅት፣ በታኅሣሥና ጥር 2012 ዓ.ም. ያካሄደው ይመስለኛል። የሰሜኑ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ይህንን ልብ በል። 2,400 አዋቂዎች ተጠየቁ። 61 በመቶው ከአሃዳዊ ሥርዓት ይልቅ ፌዴራላዊው ይሻላል አለ። ፌዴራሊዝሙ በምን ይዋቀር ሲባል ግን ግማሹ በብሔር፣ ግማሹ በመልክዓ ምድር ሆነ፤ ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም። ትግራይና ኦሮሚያ ላይ የብሔሩ ደጋፊ ይበዛል፣ አማራ ክልልና አዲስ አበባ ላይ የመልክዓ ምድሩ። በነገርህ ላይ ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው ሰው ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ብሏል። ይህን ዜና ሁሉም ለራሱ ሲጠቅሰው ሰምቻለሁ። ሁሉም ይሻሻል ይላል፣ የሚሻሻለው ምኑ እንደሆነ ሲጠየቅ ይለያያል።

መጀመሪያ ጓደኞችህን እንያቸው። «የማውቀው ሰው ሁሉ» ስትል የትኛው ሰው ነው? በመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ በ1999 ዓ.ም. ማለት ነው፣ አገሪቱ ወደ 73.7 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበረች። ከተማ የሚኖረው በሙሉ ቢደመር 16 በመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተሞች አብጠዋል፣ ቆጠራ ግን አልተደረገም። አሁንም ብዙው ሰው ያለው ገጠር ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ የትኛውም ብሔር ከግማሽ በላይ ያልሆነባት ከተማ ናት። በዚያው ቆጠራ አማራው 47፣ ኦሮሞው 19.5፣ ጉራጌው 16 በመቶ ገደማ ነበር። እንዲህ ባለ ከተማ ያደገ ሰው «መልክዓ ምድር» ቢል ምን ይገርማል? የኔ የሚለው ሌላ ክልል የለውም። አባቱ ከአንዱ፣ እናቱ ከሌላው ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ሰውነቱን ለሁለት መሰንጠቅ ይመስለዋል። እኔ ራሴ አንድ ቀበሌ ሄጄ ቅጽ ስሞላ፣ ጸሐፊው ቀና ሳይል «ብሔር?» አለኝ። ሁለት ስም ጠራሁ። «አንድ ብቻ ነው የሚገባው፣ ቦታ የለውም» አለኝ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ወንድምህ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ልጁ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን በሀዲይሳ፣ በሀዲያ ቋንቋ ማለት ነው፣ ይጀምራል። ወረዳ ሄዶ አስተርጓሚ ሳይለምን ይናገራል። አያትህ በልጅነታቸው ይህንን ያገኙ አይመስለኝም፤ ጠይቃቸው። ወንድምህ ጆሮ ላይ «የብሔር ፌዴራሊዝም ይቅር» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ያ ዘመን ይመለስ» ሆኖ ነው የሚገባው። ጓደኞችህ ግን ያንን አላሉም። እነሱ መፈናቀል ሰልችቷቸዋል፣ ሥራ ሲያመለክቱ ስማቸው መታየቱ ሰልችቷቸዋል፣ መንገድ ላይ ታግቶ «አንተ ምንድን ነህ?» መባል ሰልችቷቸዋል። ወንድምህም እኮ ይህ ሁሉ ሰልችቶታል። «ሰልችቶናል» የሚለው ቃል አንድ ሆኖ፣ ከቃሉ በኋላ የሚፈለገው ነገር ግን አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ ከሙያው ሰፈር አንድ ሚስጥር ላካፍልህ። ጥያቄው ውስጥ የትኛውን ቃል እንዳስገባህ መልሱን ግማሽ በግማሽ ይወስነዋል። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ አራት አምስት ቃል አለው። ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ጎሳ፣ ዘር፣ ነገድ። አንዱም ገለልተኛ አይደለም። «በዘር ላይ የተመሠረተ ፌዴራሊዝም ይደግፋሉ?» ብለህ ከጠየቅክ መልሱን በአፍህ አጉርሰኸዋል፤ ማን ነው ዘረኛ ነኝ የሚል? «የብሔር ብሔረሰቦችን መብት ያረጋገጠውን ሥርዓት ይደግፋሉ?» ብትልም ያው ነው፤ ማን ነው መብት አልወድም የሚል? አንድ ጊዜ ሥልጠና ላይ በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ከጠዋት እስከ ምሳ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ልጆቹን ሶማሌ ክልል ስንልካቸው ሌላ ጉድ ጠበቀን። እዚያ «ጎሳዎ ምንድን ነው?» ስትል ሰውየው «ሶማሌ» አይልህም። የዘር ሐረጉን ይቆጥርልህና ንዑስ ጎሳውን ይነግርሃል። ልክ ነው፤ እዚያ ጎሳ ማለት ያ ነው። ጥያቄው ነው የተሳሳተው።

ሕገ መንግሥቱ ራሱ ስለ ክልሎች አወቃቀር ሲናገር «ዘር» አይልም። አንቀጽ 46 ክልሎች የሚዋቀሩት በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በሕዝቡ ፈቃድ ነው ይላል። አራት መስፈርት። ቡና ቤት ስንከራከር ግን አራቱ ወደ አንድ ይወርዱና ደም ብቻ ይቀራል። ፈቃድ የሚለውን ማንም አያስታውሰውም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ጠያቂው ማን እንደሆነም መልሱን ይለውጠዋል። በ14 የአፍሪካ አገሮች መረጃ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት፣ ሰዎች ከራሳቸው ብሔር ለሆነ ጠያቂና ለሌላው የሚሰጡት መልስ እንደሚለያይ አሳይቷል፤ በተለይ ጉዳዩ ብሔር ነክ ሲሆን። እኛ አገር ጠያቂው ስሙን ሲናገር ብዙ ነገር ተናግሯል። የአባቱን ስም ሲጨምር ደግሞ አለቀ። የአፍሮባሮሜትር መጠይቅ መጨረሻ ላይ የምወዳት አንዲት ጥያቄ አለች። «ይህንን ጥናት እንድናካሂድ ማን የላከን ይመስልዎታል?» ትላለች። መጀመሪያ ላይ የገለልተኛ ድርጅት ሠራተኞች መሆናችንን ነግረናቸዋል። ቢሆንም መንግሥት ነው የላካችሁ የሚል ሰው ብዙ ነው። መንግሥት የላከው መስሎት ስለ መንግሥት አወቃቀር የሚመልስ ሰው ምን ሊል እንደሚችል አንተው አስበው።

ጊዜውም ሌላ ጉዳይ ነው። በ10 የአፍሪካ አገሮች ከ35,000 በላይ ሰዎች የተጠየቁበትን መረጃ ያገላበጡ ተመራማሪዎች አንድ የሚገርም ነገር አግኝተዋል። ሰዎቹ «ከሁሉም በላይ ራስዎን እንደምን ይገልጻሉ?» ተብለው ነበር። ብርቱ ፉክክር ያለበት ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በአንድ ወር በቀረበ ቁጥር፣ በብሔሬ ነው የሚለው ሰው ድርሻ በ1.8 የመቶኛ ነጥብ ይጨምራል። ገበሬው ያው ገበሬ፣ መምህሯም ያችው መምህር ናት። የተለወጠው የቀን መቁጠሪያው ነው። ስለዚህ «ሕዝባችን ብሔርተኛ ሆኗል» ወይም «ሕዝባችን ብሔር አያውቅም» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ካጋጠመህ፣ በየትኛው ወር እንደሆነ ጠይቀው።

እስካሁን የነገርኩህ ስለ መለኪያው ነው። ስለሚለካው ነገር ደግሞ እኔን ይበልጥ ያስተማረኝ የማላዊና የዛምቢያ ድንበር ነው። ቼዋና ቱምቡካ የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች አሉ። ቅኝ ገዢዎች ያሰመሩት ድንበር ሁለቱንም ለሁለት ቆርጧቸዋል። አንድ ተመራማሪ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ፣ በጣም ተቀራራቢ የሆኑ መንደሮች ሄዶ ጠየቀ። ማላዊ በኩል ቼዋውና ቱምቡካው አይዋደዱም። ለሌላው ዕጩ አልመርጥም፣ ከሌላው አልጋባም የሚለው ብዙ ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ተሻግሮ ዛምቢያ ሲገባ ግን ወንድማማቾች ናቸው። ባህሉ ያው፣ ቋንቋው ያው፣ የልማዱ ልዩነት ያው ነው። ልዩነቱ ምን መሰለህ? በትንሿ ማላዊ ሁለቱም ለሥልጣን የሚበቃ ቁጥር አላቸው፣ ስለዚህ ይፎካከራሉ። በሰፊዋ ዛምቢያ ሁለቱም ትንሽ ናቸው፣ ስለዚህ «እኛ የምሥራቅ ሰዎች» ብለው ይተባበራሉ።

ይህንን ካነበብኩ በኋላ «በባህል መለያየት ያጣላል» የሚለውን ወሬ መስማት ተውኩ። ሰው የሚያሰላው ሌላ ነገር ነው። እዚህ ቦታ እኔ ብዙኃን ነኝ ወይስ አናሳ? የሚፈርድብኝ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 በ33 የአፍሪካ አገሮች በተደረገ ጥናት፣ 91 በመቶው ከሌላ ብሔር ጎረቤት ቢኖረው ደስ እንደሚለው ወይም ግድ እንደማይሰጠው ተናግሯል። ኢትዮጵያ በዚያ ዙር አልነበረችበትም፣ ግን ብትኖርም በጣም የምትለይ አይመስለኝም። ጎረቤት ችግር ሆኖ አያውቅም። ቡና ተጠራርተን ጠጥተናል፣ ዕድር አብረን ገብተናል፣ ተጋብተናል። ጭንቀቱ ያለው ጎረቤቱ ዘንድ ሳይሆን ዳኛው፣ ፖሊሱና የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ነው። «ሕዝቡማ ተዋዶ ነው የሚኖረው» እያሉ የሚያልፉ ሰዎች ጎረቤትን ጠይቀው ስለ ዳኛ መልስ ያገኙ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ፈቃድ ልመለስ፤ ምሳሌው ከእናንተ አገር ብዙም አይርቅም። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች በጣም ይቀራረባሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ባለሥልጣናቱ አንድ ብልሃት አመጡ። ለአራት ቋንቋ አራት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ አድርገን ብናሳትም ወጪ ይቀንሳል፣ ሕዝቡንም ያቀራርባል ተባለ። የአራቱን ስሞች መነሻ ገጣጥመው «ወጋጎዳ» አሉት። መጽሐፉ ታተመ፣ ትምህርት ቤት ገባ። በኅዳር 1992 ዓ.ም. የወላይታ ከተማ ሶዶ ተቀጣጠለች። ተማሪና መምህር አደባባይ ወጣ። ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ታሰረ። በመጨረሻ መጽሐፎቹ ተሰበሰቡ። ሰሜን ኦሞ የሚባለው ትልቅ ዞንም ፈረሰና ወላይታ የራሱን ዞን አገኘ።

ይህንን ታሪክ ሰዎች ሁለት ዓይነት አድርገው ሲተርኩት እሰማለሁ። አንዱ «አየህ፣ የብሔር ነገር እንዲህ ያጋድላል» ይላል። ሌላው «አየህ፣ ማንነት ሲነካ ሕዝብ አይታገስም» ይላል። እኔ የሚታየኝ ሦስተኛ ነገር ነው። የሶዶ ሰው ጋሞን ጠልቶ አልወጣም። ከጋሞ ጋር ገበያ ይገናኛል። ያስቆጣው «ማን ጠየቀን?» የሚለው ነው። እስቲ አስበው፤ አራቱን ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝቦች ቀድመው ቢያማክሯቸው፣ አንድ የጋራ የፊደል አጻጻፍ ብቻ ይኑረን ቢባል፣ ምናልባት ይስማሙ ነበር። እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ሳይጠየቁ ቀሩ እንጂ።

ከ20 ዓመት በኋላ ሲዳማ ተጠየቀ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጠው 98.5 በመቶው ክልል እንሁን አለ። ከዚያ ደቡብ ምዕራብ ተከተለ፣ ቀጥሎም የቀረው ደቡብ ክልል ለሁለት ተከፈለ፤ እናንተም በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሥር ገባችሁ። ዘጠኝ የነበሩት ክልሎች 12 ሆኑ። 98.5 በመቶ ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ግን ሐዋሳ ውስጥ ሱቅ ያለው የሌላ ብሔረሰብ ሰው በዚያ ቀን ምን እንደተሰማው ቁጥሩ አይነግርህም። ትናንት በትልቁ ደቡብ ውስጥ ከ50 በላይ ከሆኑት አንዱ ነበር። ዛሬ በአንድ ብሔር ስም በሚጠራ ክልል ውስጥ አናሳ ነው። ናይጄሪያውያን ይህን መንገድ ቀድመውን ሄደውበታል። እ.ኤ.አ. በ1967 ግዛቶቻቸው 12 ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ግን 36 ደረሱ። አዲስ ግዛት በተቆረጠ ቁጥር ትናንት አናሳ የነበረው ብዙኃን ይሆናል፤ በውስጡ ደግሞ አዲስ አናሳ ይወለዳል፤ እሱም በተራው የራሴን ቁረጡልኝ ይላል።

ስለዚህ «በብሔር ወይስ በመልክዓ ምድር?» የምትለዋን ጥያቄ እኔ ብሆን ከመጠይቁ አወጣት ነበር። ሁለቱም ወገን አንድ ፍርሃት ነው የሚናገረው። ሆሳዕና ያለው ወንድምህ በአገር ደረጃ አናሳ ነው፤ ቋንቋዬን እንዳልነጠቅ ይላል። ከክልሌ ውጭ የምኖር ነኝ የሚለው ሰው በሚኖርበት ወረዳ አናሳ ነው፤ ከመሬቴ እንዳልነቀል ይላል። አንደኛው መድኃኒቱ የራስ ክልል ይመስለዋል፣ ሁለተኛው ክልል የሚባለው ነገር መጥፋቱ። ጥናቱ ግማሽ በግማሽ ማለቱ ይኼው ነው። እኔ በተግባራዊ ነገር ላይ ስጠይቅ፣ ማለትም ትምህርት በምን ቋንቋ፣ ፍርድ ቤት በምን ቋንቋ፣ ሥራ ቅጥር በምን፣ መሬት ለማን ስል፣ ሰው ከምታስበው በላይ ይስማማል። ቃሉን ስጠራ ይለያያል። ይህ የኔ ልምድ ነው፤ እንደ ቁጥር አትጥቀሰው።

መታወቂያውን በተመለከተ፣ ከካርዱ ላይ ይጥፋ ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴ ሩዋንዳ ናት። ሁቱ፣ ቱትሲ፣ ትዋ የሚለው በቤልጅየም ዘመን ካርድ ላይ ሰፍሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ኬላ ላይ ማን እንደሚሞት መለያ ሆነ። ከዘር ጭፍጨፋው በኋላ አወጡት። ካርድ ላይ መጻፉ ለማንም መብት አይጨምርም፣ ኬላ ላይ ግን ነፍስ ያስከፍላል። እኛም ጋ ፋይዳ መታወቂያ ብሔር አይጠይቅም፤ ጥሩ ነው።

ነገሩ ይበርዳል ወይ ለሚለው ግን፣ በዚያ ብቻ አይበርድም። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረገችው ቆጠራ ብሔርንና ሃይማኖትን ከመጠይቁ አውጥታለች። ፖለቲካው ግን በዚያው መቁጠሩን አላቆመም። ኬንያ ደግሞ ተቃራኒውን መረጠች። እ.ኤ.አ. የ2008 ሕጓ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሠራተኛው ከሲሶ በላይ ከአንድ ብሔረሰብ እንዳይሆን ይላል። ይህንን ለመፈጸም ብሔርን መቁጠር ግድ ነው። ታንዛኒያ ከ120 በላይ ሕዝቦቿን ስዋሂሊ ይዛ አቀራርባለች፤ የኬንያንና የታንዛኒያን ተቀራራቢ ወረዳዎች ያነጻጸረ ጥናትም፣ ኬንያ በኩል ብዙ ብሔር በሚኖርበት አካባቢ ትምህርት ቤቶች የሚያገኙት የሕዝብ መዋጮ ሲያንስ፣ ታንዛኒያ በኩል ግን እንደዚያ እንዳልሆነ አግኝቷል። ይህን ስትሰማ «በቃ እንደ ታንዛኒያ» ማለት ያምርሃል። ግን ስዋሂሊ የማንኛውም ትልቅ ብሔር ቋንቋ አልነበረም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም እኩል ነው የተማረው። አማርኛ እንደዚያ ነው ብለህ ለወንድምህ ብትነግረው ስልኩን ይዘጋብሃል።

እስቲ ዛሬ ማታ ደውልለት። «በብሔር ወይስ በመልክዓ ምድር?» አትበለው። «ሆሳዕና ሱቅ ከፍቶ የሚኖረው ጉራጌ ልጁን በምን ቋንቋ ያስተምር? መሬት ሊመራ ቢሄድስ ማን ያስተናግደው?» በለው። ነገ ቢሮ ስትገባ ደግሞ ጓደኞችህን «አማርኛ የማታውቅ አንዲት የሀዲያ እናት ፍርድ ቤት ብትቆም በምን ቋንቋ ትናገር? ዳኛውስ ማን ይሁን?» በላቸው። የሚሉህን ሳታርመው፣ በራሳቸው ቃል ጻፈውና ላክልኝ። «ይህን እንድትጠይቀን ማን ላከህ?» ካሉህ እኔ ነኝ በላቸው።